የድሮዋ ትንሽ ላፕቶፕ ለሙሉ ቀን ሥራ፦ ምኗ ያረጃል፣ ምኗ አያረጅም

«አንቺ፣ እውነት በዚህች ነው ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው?»

ይህን ጥያቄ በወር አንዴ ሳልሰማ አልቀርም። ሥራዬ ትርጉም ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የከፈትኳትን ላፕቶፕ ብዙ ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምዘጋት። ቲንክፓድ ኤክስ 260 ነች። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያወጣት። ስክሪኗ 12.5 ኢንች፣ ክብደቷ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሰው አገር አንድ ቢሮ ውስጥ ስትሠራ ኖራለች። ስገዛት ሆዷ ላይ የንብረት ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱን ላጥኩት፣ ሙጫው ግን እስከ ዛሬ አለ።

አዎ፣ በዚህች ነው የምሠራው። ግን ይህን ብቻ ሰምቶ የሚሄድ ሰው ይሳሳታል። ያገኘውን ርካሽ ትንሽ ላፕቶፕ ይገዛና በሳምንቱ «ስታክ ታደርጋለች፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይደውላል። ደርሶብኛል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ላፕቶፕ አረጀ ስንል ምኑ ነው የሚያረጀው? የትኛው በትንሽ ብር ይታደሳል? የትኛውስ ምንም ቢደረግ አይመለስም?

መጀመሪያ ግን እነዚህ ላፕቶፖች ለምን ይረክሳሉ? ትልልቅ ኩባንያዎች በሦስት በአራት ዓመት አንዴ የሠራተኞቻቸውን ኮምፒውተር ይቀይራሉ። ዕቃው ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የኪራይ ውሉ ወይም ዋስትናው ስላለቀ ነው። አሮጌው በጅምላ ይሸጣል። ከዚያ በዱባይ ወይም በሌላ በኩል ዞሮ እኛ ሱቆች ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ይደረደራል። አንዳንዱ ደግሞ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ለእኛ የሚበጀው ነገር፣ ለቢሮ ተብለው የተሠሩ ማሽኖች መሆናቸው ነው። ለመፈታት ታስበው ነው የተሠሩት። ሌኖቮ የቲንክፓዶቹን የጥገና መመሪያ በነፃ ያስነብባል፤ የትኛው ብሎን በየትኛው ተራ እንደሚፈታ ሁሉ በሥዕል አለበት።

ቀርፋፋው ማነው?

ሰው «ኮምፒውተሬ አርጅቶ ቀርፋፋ ሆነ» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ያስቸገረው ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ነው።

የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ከላዩ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለ ክንድ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ኮምፒውተሩ አንድ ፋይል ሲፈልግ ክንዱ ቦታው ድረስ መሄድ አለበት። ከዚያ ሳህኑ ዞሮ ትክክለኛው ቦታ ከመርፌው ሥር እስኪደርስ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ አሥር ሚሊ ሰከንድ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ትንሽ ይመስላል። ግን ዊንዶውስ ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ጥያቄ ነው ማስተናገድ የሚችለው። ሰልፍ ይፈጠራል። እናንተ ያቺን የምትዞር ክብ እያያችሁ ትጠብቃላችሁ።

በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባው አዲሱ ማከማቻ ኤስኤስዲ ይባላል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ያ ሰልፍ በቃ የለም።

እኔ ላፕቶፔን የገዛሁት ከነሃርድ ዲስኳ ነበር። ስልኬ ላይ ሰዓት ከፍቼ ለካሁ። ማብሪያዋን ከተጫንኩበት እስከ መጻፍ የቻልኩበት 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። በማግስቱ ኤስኤስዲ አስገባሁ። 19 ሰከንድ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር ያው ነው፣ ራሙ ያው ነው። አንዲት የእጅ መዳፍ የማታክል ዕቃ ብቻ ናት የተቀየረችው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታድሱበት ብር ካላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ኤስኤስዲ ግዙ።

መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው፤ አንዲት ጥንቃቄ ብቻ አለችው። ከኤክስ 240 እስከ ኤክስ 270 ያሉት ቲንክፓዶች ሆዳቸው ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ አላቸው። የውጪውን ነቅላችሁም ኤሌክትሪኩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ላፕቶፑን ስታስነሡ ኤፍ1ን ተጫኑና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር በሚለው ሥር የውስጡን ባትሪ የሚያጠፋ ምርጫ አለ። እሱን ስትመርጡ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀር እስክትሰኩበት ድረስም አይነሣም። አሁን ብሎኖቹን ፍቱ። ሽፋኑን በጥፍር ከመታገል አሮጌ የሞባይል ካርድ በጠርዙ አስገብታችሁ ብትሄዱበት ቀስ እያለ ይላቀቃል።

ቀጥሎ ራም ነው። ራም ማለት ወጥ የምትሠራ ሴት አጠገቧ የደረደረችው ዕቃ ነው። በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ እጇ ላይ ካሉ ሥራው ይፈሳል። ቦታው ከጠበበ ግን አንዱን ለማምጣት ሌላውን ጓዳ መመለስ አለባት። ኮምፒውተርም ራም ሲሞላበት እንዲሁ ወደ ዲስኩ መመላለስ ይጀምራል። «ስታክ አደረገ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ምልልስ ነው። ራም የሚያሟጥጠው ደግሞ ብሮውዘሩ ነው። ዛሬ አንድ ታብ ትናንት አንድ ሙሉ ፕሮግራም ይይዝ የነበረውን ቦታ ሊይዝ ይችላል። 4 ጊጋ ራም ለሙሉ ቀን ሥራ አይበቃም። 8 ይበቃል። 16 ካላችሁ ስለ ራም ማሰብ ትተዋላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ራም በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አይጨመርም። አንዳንዱ ላይ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እንዲህ ነው። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦንም ያው። በጣም ቀጫጭን፣ በጣም ቆንጆ ናቸው፤ ግን 4 ጊጋ ይዞ የተወለደው በ4 ጊጋ ይሞታል። በእኔ በኩል አሮጌ ላፕቶፕ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ራሙ ይወጣል ወይ?» ነው። የኔዋ አንድ የራም ማስገቢያ ብቻ አላት፤ 8ን አውጥቼ 16 ከተትኩባት። ኤችፒ ኤሊትቡክ 820 ጂ3 ደግሞ በዚያው መጠን ሁለት ማስገቢያ አለው።

የፕሮሰሰሩ ቁጥር ምን ይላል?

«ኮር አይ7 ነው!» የምትል ሻጭ አፍ ላይ የማትጠፋ ቃል አለች። አይ7 መሆኑ ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም። ማየት ያለባችሁ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። የኔዋ አይ5-6300ዩ ትላለች፤ የመጀመሪያው 6 ስድስተኛ ትውልድ ማለት ነው። አይ5-8250ዩ ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ለትናንሽ ላፕቶፖች የተሠሩት፣ በስማቸው መጨረሻ «ዩ» ያላቸው ፕሮሰሰሮች፣ አይ5ም ሆኑ አይ7 ባለ ሁለት ኮር ብቻ ነበሩ፤ ኮር ማለት ሥራ የሚሠራ እጅ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስምንተኛው ትውልድ ላይ አራት ሆኑ። ስለዚህ ባለ ስምንተኛ ትውልድ አይ5 ከአሮጌ አይ7 አያንስም፤ በብዙ ሥራ ላይ ይበልጠዋል።

ግን ለመጻፍ፣ ለኤክሴል፣ ለኢሜይል፣ ለትርጉም የድሮውም ይበቃል። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ሰዓት እጁን አጣጥፎ የናንተን ጣት ነው የሚጠብቀው። ማርጀቱ የሚታወቀው ቪዲዮ ላይ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን የሚያሽግበት ቪፒ9 የሚባል ዘዴ አለ። እሽጉን ለመፍታት አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ለብቻው የተሠራ ክፍል ውስጣቸው አለ። ሰባተኛው ትውልድ ይህን በሙሉ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኤክስ 230 ግን የለውም፤ ስለዚህ ዋናው ፕሮሰሰር ሥራውን ትቶ እሽግ ሲፈታ ይውላል። ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዩቲዩብ በቀድሞው ኤች.264 ዘዴ እንዲልክ የሚያስገድዱ ትናንሽ የብሮውዘር ተጨማሪዎች አሉ። ጥራቱንም 720 ላይ አድርጉት። በ12 ኢንች ስክሪን ልዩነቱ አይታያችሁም፣ ዳታም ይተርፋችኋል። የቪዲዮ ስብሰባ ላይም ጀርባችሁን የሚያደበዝዘውን ምርጫ አጥፉት።

ቪዲዮ የምትቆርጡ፣ ከባድ የሥነ ሕንፃ ሥዕል የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። እንደዚያ ዓይነት ሥራ አሮጌ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ መጫን ራስን ማሰቃየት ነው።

የዊንዶውስ ነገር

የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የኔን አይታ «እኔም እንዳንቺ ያለ ልግዛ» አለች። አይሆንም አልኳት። ተቀየመች።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለአንድ ዓመት ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፣ እሱም በምዝገባ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በፕሮሰሰር ሠሪው በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። የኔዋ ስድስተኛ ናት። በዘዴ አልፎ መጫን ይቻላል፤ ብዙ ሱቅም ያደርገዋል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነበት ማሽን ዝመና ስለመድረሱ ዋስትና አልሰጥም ብሏል። የሰው ደሞዝና የግብር ሒሳብ የተቀመጠበት ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ላይ መቆም የለበትም።

እኔ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሌላ ሲስተም ጫንኩባት። ነፃ ነው፤ ክራክ መፈለግ የለም። ከክራኩ ጋር አብሮ የሚገባው ቫይረስም የለም። እውነቴን ነው፣ ይህ ነገር አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው አስለቅሷል። አማርኛውስ? ኪማን የሚባለው መጻፊያ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። በድምፁ እየጻፉ ፊደሉን ማውጣት ለለመደ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይሰማውም። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አመዘጋገብ) ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ የድሮ ሰነዶች አሉ። ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲመጣልኝ ላኪውን ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ።

የአክስቴ ልጅ ግን ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ነው የምትሠራው። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ለሷ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ስምንተኛ ትውልድ ፈለግን። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። የኔዋ ታናሽ እህት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው ኤክስ 280 ስምንተኛ ትውልድ ናት፤ ግን ራሟ ተበይዷል፣ ባትሪዋም ከውጪ አይነቀልም። ዊንዶውስ 11ን ታገኛላችሁ፣ የመጠገን ነፃነቱን ታጣላችሁ። እሷን የምትገዙ ከሆነ ከመነሻው 16 ጊጋ ያላትን ፈልጉ። እኛ በመጨረሻ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 ወሰድን። ስክሪኑ 13.3 ኢንች ነው፣ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ ራሙም ይወጣል። ከኔዋ ትንሽ ሰፋ ይላል። ቅያሜውም በዚያው አለቀ።

ስክሪኑና ፊደላችን

ስለ ስክሪን የሚጻፈው ሁሉ ስለ ላቲን ፊደል ነው። የኛ ፊደል ግን ሌላ ጣጣ አለው። «ሲ» እና «ሴ»ን አስተያዩ። ልዩነታቸው እግራቸው ሥር ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ አንዷ ሰረዝ ናት፣ አንዷ ቀለበት። «ቢ» እና «ቤ»፣ «ኪ» እና «ኬ» ያው ናቸው። ስክሪኑ ደካማ ከሆነ ያቺ ቀለበት መሃሏ ይደፈንና ከሰረዟ ጋር አንድ ትሆናለች። «ሲል» የሚለውን «ሴል» ብሎ ማለፍ ለአራሚ ቀላል ስህተት አይደለም።

የእነዚህ ላፕቶፖች ስክሪን በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ 1366 በ768 ነጥብ ነው፤ በ12.5 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 125 ነጥብ አካባቢ ይደርሳል። ሌላው 1920 በ1080 ነው፤ በኢንች 176 ይሆናል። በአማርኛ የሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ይፈልግ። ትንሽ ብር ይጨምራል፣ ዓይን ግን አይጨመርም። ሌላው ደግሞ የስክሪኑ ዓይነት ነው። ርካሹ ቲኤን ይባላል። ስክሪኑን ወደ ኋላ ጋደም አድርጋችሁ ከታችኛው ጠርዙ በኩል ስታዩት ቀለሙ ከተገለበጠ ቲኤን ነው። አይፒኤስ ከሆነ ከየትም ብታዩት ያው ነው።

ቤት ስሆን ከትልቅ ሞኒተር ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኛታለሁ። በትንሽ ስክሪን አጎንብሶ ስምንት ሰዓት መዋል አንገት ይጎዳል፤ ይህን በራሴ አንገት አውቀዋለሁ። ስብሰባ የምትሄዱበት አዳራሽ ያለው ፕሮጀክተር ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ካለው መቀየሪያ ገመድ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ኤክስ 250 ቪጂኤ አለው፣ ኤክስ 260 የለውም።

ባትሪው

ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ልቤን የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መብራት ሲሄድ ዴስክቶፕ ያላቸው ጎረቤቶቼ ሥራቸው ያልተቀመጠበት ቦታ ላይ ይቋረጣል። የኔዋ መብራት መሄዱን የምትነግረኝ ስክሪኗ ትንሽ ደብዘዝ ሲል ብቻ ነው። ከኤክስ 240 እስከ ኤክስ 270 ያሉት ሁለት ባትሪ አላቸው ብያለሁ። የውስጡ 23 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው። ከውጪ የሚሰካው ትልቁ 72 ዋት-ሰዓት ነው። የውጪው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳትዘጉ ነቅላችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ። የውስጡ እስከዚያ ይዞ ያቆያል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ የቆመችው ጠቋሚ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀችኝ።

ዋት-ሰዓት ምንድን ነው? ጀሪካን በሉት። 72 ማለት ጀሪካኑ የሚይዘው ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ቧንቧው ነው። እኔ ስጽፍ ሰባት ዋት አካባቢ ትጠጣለች። አዲስ ሆነው ሁለቱ ባትሪዎች ተደምረው 95 ይይዛሉ፤ ለሰባት ሲካፈል ከ13 ሰዓት በላይ ይሆናል። ግን ባትሪ ሲያረጅ ጀሪካኑ ራሱ ይጠባል። የኔ የውስጡ አሁን 15፣ የውጪው 44 ነው የሚይዙት። 59 ለሰባት፣ ስምንት ሰዓት ከምናምን። አሁንም የሥራ ቀን ይሞላል።

ጀሪካኑ ምን ያህል እንደጠበበ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሊኑክስም እንዲሁ። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውን እና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን። 100 ፐርሰንት የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። የጠበበ ጀሪካንም ይሞላል።

ስለ ተለዋጭ ባትሪ ላስጠንቅቃችሁ። አንድ ጊዜ «አዲስ፣ ኦሪጂናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ባትሪ በሦስተኛ ወሩ 40 ፐርሰንት እያለ በአንዴ 5 ሆኖ መጥፋት ጀመረ። ውስጡ ያሉት ሴሎች እኩል ጥንካሬ ሳይኖራቸው ሲቀር እንዲህ ይሆናል፤ ደካማው ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ስገዛ በእጄ እመዝነዋለሁ። ትልቁ ባትሪ ውስጥ 18650 የሚባሉ ስድስት ድብልብል ሴሎች አሉ። አንዱ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሴሎቹ ብቻ 270 ግራም ሆኑ ማለት ነው። እጃችሁ ላይ ባዶ ጣሳ ከመሰለ ተዉት።

ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ባትሪው 80 ፐርሰንት ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም አድርጉ። ቲንክፓዶች ይህን ምርጫ አላቸው። ሊቲየም ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶና ሞቆ መዋልን አይወድም። መብራት ብዙ በሚሄድበት ሰሞን ብቻ እስከ 100 ልቀቁት።

ቻርጀሩም ይታይ። ኤክስ 230ና ከዚያ በፊት ያሉት ክብ መሰኪያ አላቸው። ከኤክስ 240 ጀምሮ አራት ማዕዘን ሆነ፤ አንዱ ላንዱ አይሆንም። ኤክስ 270 በዩኤስቢ ሲም ይሞላል። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር 220 ቮልት ያቃጥለዋል ብላችሁ አትስጉ፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ይቀበላሉ፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የሚቸግረው ጠፍጣፋው ጥርሱ ብቻ ነው።

አቧራ፣ ሙቀት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን የሚያመጣው ቅዝቃዜም ትንሽ ይቀንሳል። የግንባታው አቧራ ሲጨመርበት የአሮጌ ላፕቶፕ መተንፈሻ ይደፈናል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እናንተ «አረጀ» ትላላችሁ። የኔዋን ስከፍታት ከፋኑ አፍ ላይ ያወጣሁት አቧራ እንደ ተነደፈ ጥጥ ተያይዞ ነበር የወጣው። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል ያለው፣ ቴርማል ፔስት የሚባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠረግኩት፣ አዲስ ቀባሁት። ያን ቀን ማታ ቤቱ ፀጥ ማለቱ ገረመኝ፤ ለካ ስንት ጊዜ ፋን ስሰማ ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ግን ምንም ብታድሱት አይቀየርም። የአሮጌ ማዘርቦርድ ዕድሜ ስንት እንደቀረው የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሥራዬ ላፕቶፔ ላይ ብቻ ኖሮ አያውቅም። ማታ ከመዝጋቴ በፊት ወደ ውጪ ዲስክ ይገለበጣል፤ አስቸኳዩ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል።

ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ

ሻጩን ሃያ ደቂቃ ጠይቁትና ቁጭ በሉ። ከቻላችሁ በቻርጀር ሳይሆን በባትሪ አስነሡት። አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉበት፤ የማይሰማ ቁልፍ ካለ እዚያው ይታወቃል። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ እዩ። ሁሉም መሰኪያ ላይ ፍላሽ ሞክሩ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና መንገጫገጭ እንዳለው አዳምጡ። ዩቲዩብ ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ፋኑ የሚያወጣው ድምፅ ፉጨት ይሁን ቅርጭርጭ ያኔ ይለያል። የሲም ቦታ አለው ቢሏችሁ ውስጡ ሞደም መኖሩን ጠይቁ፤ ቀዳዳው ብቻ ያለ ብዙ ነው።

የመጨረሻውን ግን እንዳትረሱ። ቲንክፓድ ከሆነ ዝጉትና እንደገና ስታስነሡት ኤፍ1ን ተጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው ኩባንያ የቆለፈው ነው። ቲንክፓድ ላይ ይህ ቁልፍ ትንሿን የማዘርቦርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ ለብቻው ቺፕ ላይ ነው የተጻፈው። ቆይቶ ሊኑክስ ልጫን፣ የውስጡን ባትሪ ላጥፋ ስትሉ በሩ ዝግ ይሆንባችኋል። ሻጩ «እሱ ችግር የለውም፣ ማንም አይገባበትም» ካላችሁ ላፕቶፑን መልሱለትና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።